«ሞተሩ አርጅቷል» የሚሉት ሰበብ ይብቃን



ይህን የምንጽፈው ተናደን ነው። ባለፈው ሳምንት ገዳሪፍ ሱግ ካለችው ሱቃችን ደጃፍ ላይ በካሮ ተጭኖ የመጣ የጀልባ ሞተር ተራገፈ። ያማሃ ነው፤ 40 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ምት፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ሽፋኑ ግን ያልተሰነጠቀ። ባለቤቱ ከሾዋክ ማዶ በግድቡ ባሕር ላይ ዓሣ የሚያሰግር ሱዳናዊ ነው። ሊያስጠግነው መስሎን ነበር። ለካ በብረት ኪሎ ሊሸጠው ነው ያመጣው። «ማከናዋ አርጅታለች አሉኝ» አለን። ማን አለህ ብንለው ሜካኒኩም፣ የሸጠለትም፣ ጎረቤቱም። ጎንበስ ብለን የፕሮፔለሩን ወገብ በጨርቅ ጠረግነው። 11 1/8 × 13 ይላል።

ይህ ቁጥር ውኃ ላይ ለሚንሸራተት ቀላል ጀልባ ይሆናል። ሰውዬው የሚነዳው ግን ስድስት ሰው፣ መረብ፣ በረዶና ዓሣ የሚጭን፣ በላሜራ የተበየደ ከባድ ጀልባ ነው። ሞተሩ በእርግጥ አርጅቷል፤ እሱን አንክድም። ነገር ግን አንድም ሰው፣ ሦስት ሜካኒክ እጅ ላይ ሲንከራተት፣ ያችን ቁጥር አላነበበለትም።

በዚህ ዓመት እንዲህ ያለውን ስናይ ሦስተኛችን ነው። የመጀመሪያውን የሸጥነው ደግሞ እኛው ራሳችን ነን። ስለዚህ በሌላው ላይ ጣት ከመቀሰራችን በፊት የራሳችንን ጉድ እንናገር።

ለማታውቁን፣ እኛ ከአርባ ያለፍን ሦስት ሴቶች ነን። በንግድ ሥራ ዲፕሎማችን ቢሮ ልንቀመጥበት አስበን ነበር፤ ሰሊጥና ቡና ይዘን ጋላባት ላይ ስንመላለስ ቀረን፤ ኋላም ሱዳኖቹ እስቤራት ወደሚሉት ወደ መለዋወጫ ንግድ ዞርን። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ዕቃ የምናገኘው ከፖርት ሱዳን በከሰላ በኩል በሚመጣው መንገድ ነው። አንድ ጊዜ በዚያው መንገድ ያገለገሉ አራት የጀልባ ሞተሮች በጥሩ ዋጋ አገኘን። የቀይ ባሕር ጀልባ ላይ የነበሩ ናቸው ተባልን። አስነሥተን ሰማናቸው፤ ድምፃቸው ጥሩ ነው። ካንዴላቸውን አየን፤ ደኅና ነው። ፕሮፔለራቸውን ያየነው የተሰበረ ክንፍ እንዳይኖረው ብቻ ነበር። አልተሰበረም። ገዛን።

አንዱን ለአንድ ዓሣ አስጋሪ ሸጥን። ሁለት ወር ተኩል ሠራበት። ከዚያ አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ነፋስ በተነሣበት ሰዓት፣ ግድቡ መካከል ሞተሩ ነከሰ። ጀልባው ውስጥ እሱ፣ ወንድሙና የ12 ዓመት ልጁ ነበሩ። አንድ መቅዘፊያ ብቻ ነበራቸው። በዚያ ባሕር ዳር ዳሩን ግድቡ ሲሞላ ከውኃ በታች የቀሩ የግራር ጉቶዎች አሉ፤ ነፋስ ጀልባን ወደዚያ ሲገፋ ላሜራው ይቀደዳል። ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዝፉና ውኃ ሲጨልፉ አደሩ። ጎህ ሲቀድ ሌሎች አስጋሪዎች ደረሱላቸው። ሰውዬው በሳምንቱ ሱቃችን መጥቶ ሰው በተሰበሰበበት «ሐበሻዎቹ የሞተ ብረት ሸጡልኝ» ሲል ምን እንመልሳለን? ያስከፈትንበት ሜካኒክ ደግሞ ፒስተኑን አይቶ «አርጅቷል፣ እናንተ ምን ታደርጉ» ብሎ አጽናናን። ያጽናናን መስሎት ነው። እኛም ተጽናናን፤ ይኸው ነው የሚያሳፍረው። የገንዘቡን ግማሽ መለስንለትና ነገሩ በዚያ አለቀ አልን።

ነገሩን የፈታው አንድ ሽማግሌ ኡስጣ ነው። ዕድሜውን በሙሉ በዓባይና በአትባራ ጀልባ ሞተር ሲከፍት የኖረ ሰው ነው። የቀሩትን ሦስት ሞተሮች ሊያይ መጥቶ ሽፋናቸውን እንኳ አላነሣም። የመጀመሪያ ጥያቄው «ያ በናት፣ ቁጥሩን አንብባችሁታል?» የሚል ነበር። የምን ቁጥር? አራቱም ሞተር 13 ፒች ፕሮፔለር ለብሶ ነበር የመጣው። ኡስጣው ከኪሱ በካንዴላው ሽቦ ላይ የሚጠመጠም ትንሽ የዙር መቁጠሪያ አወጣ። አንዱን ሞተር ወስደን በአንድ ደንበኛችን ጀልባ ላይ፣ እንደ ሥራው ቀን ሰውና መረብ ጭነን፣ ነዳጁን እስከ ጥግ ከፍተን ሞከርነው። በደቂቃ 3800 ዙር ገደማ ላይ ቆመ፤ ከዚያ አላልፍ አለ። የሞተሩ መጽሐፍ ደግሞ ነዳጅ እስከ ጥግ ሲከፈት ከ4500 እስከ 5500 ዙር መድረስ አለበት ይላል። 10 ፒች አገጣጠመለት፤ 4400 ደረሰ። «ገና ነው» አለ። 12 1/4 × 9 ሲያስገባለት 4600ን አለፈ። ያው ሞተር ነው። ያው አሮጌ ሞተር! ጀልባው ከወደቡ ሲነሣ ሁላችንም ወደ ኋላ ተንገዳገድን። ኡስጣው ግን አልሳቀም። «ያኛው ልጅ ያደረበት ሌሊት በዚህ ነው የመጣው» አለን።

እንግዲህ ፒች የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ለእኛ ለነጋዴዎቹ በሚገባን ቋንቋ እንናገረው። ፕሮፔለር ላይ ሁለት ቁጥር አለ። የመጀመሪያው ስፋቱ ነው፤ ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር ስንት ኢንች እንደሆነ ይነግረናል። ሁለተኛው ፒቹ ነው፤ ውኃው እንደ እንጨት ጠንካራ ቢሆንና ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን ቢገባበት፣ በአንድ ዙር ስንት ኢንች ወደፊት ይሄዳል ማለት ነው። 13 ፒች በአንድ ዙር 33 ሳንቲ ሜትር ልሂድ ይላል። ይህ የ40 ሞተር ከታች ባለው ማርሽ ዙሩን በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ሞተሩ 5000 ሲዞር ፕሮፔለሩ 2500 ይዞራል። አባዙት፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሊጠጋ ነው። በረዶና ዓሣ የጫነ ጀልባ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩን። የማይሄደውን መንገድ እንዲሄድ የተጠየቀ ሞተር ምን ያድርግ? ያቃስታል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይነክሳል።

ይህን የአይሱዙ ሾፌሮቻችን ሳይማሩ ያውቁታል። ከነጋዴ ባሕር ወደ አይከል የሚወስደውን ዳገት በአራተኛ ማርሽ የሚወጣ ሾፌር አለ? ሰሊጥ የጫነ መኪና ሲያቃስት ወዲያው ማርሽ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ዙር ያገኛል፤ ዳገቱን ይወጣዋል። የጀልባ ሞተር ግን ወደፊት፣ ወደ ኋላና መካከለኛ ካልሆነ በቀር የሚቀየር ማርሽ የለውም። ማርሹ ፕሮፔለሩ ነው። ከባድ ጀልባ ላይ 13 ፒች መግጠም ማለት አይሱዙውን አራተኛ ላይ ቆልፎ ቁልፉን መጣል ነው። ከዚያ ዳገቱ ላይ ሲነክስ «መኪናው አርጅቷል» እንላለን!

በባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዘይቱን የሚያገኘው ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ የተለየ የዘይት ቋት የለውም። ነዳጁ እስከ ጥግ ተከፍቶ ዙሩ ዝቅ ሲል ሙቀቱ ፒስተኑ ራስ ላይ ይከማቻል፣ ጥላሸት ቀለበቶቹን ያጣብቃል፣ የዘይቱ ሽፋን ይሳሳል፣ ብረት ብረትን ይነካል። ይህ በአንድ ቀን አይሆንም። ሁለት ወር ተኩል ሊፈጅ ይችላል። በዚያ መሐል ሻጩ ገንዘቡን በልቶታል፤ ሞተሩም «አርጅቶ ሞተ» ተብሎ ይቀበራል።

አሁን ወደሚሰጡን መልሶች እንምጣ። ይህን ነገር በየሱቁ ስናነሣ የሚመለስልንን እናውቀዋለን።

አንደኛው «ትልቅ ቁጥር ትልቅ ኃይል ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ሻጮች ብቻ አይደሉም፤ ገዢዎቹም ናቸው። ዘጠኝና አሥራ ሦስት አንድ ላይ ብታስቀምጡለት ደንበኛው እጁ ወደ አሥራ ሦስቱ ነው የሚሄደው፤ ዋጋው አንድ ከሆነማ ምን ጠየቀ! እንደ ጫማ ቁጥር ግን አይደለም። ፒች ሲያድግ ሞተሩ የሚሸከመው ሸክም ያድጋል። ሻል ያለ ፍጥነት የሚሰጠው ለቀላል ጀልባ፣ ያውም ሞተሩ ዙሩን ሞልቶ ለሚዞርበት ነው። በተለምዶ አንድ ኢንች ፒች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል፤ ሲጨመርም በዚያው ልክ ይወርዳል። ይህችን አንዲት ሒሳብ የያዘ ሰው ግማሹን ሙያ ይዟል።

ሁለተኛው «ትንሽ ፒች ነዳጅ ይበላል» ነው። ዙሩ ሲጨምር ጆሮ ነዳጅ የሚያፈስስ ይመስለዋል፤ እውነት ነው፣ ድምፁ ያስፈራል። እስቲ ግን በጆሮ ሳይሆን በጀሪካን ለኩት። ያንኑ ጭነት ጭናችሁ ያንኑ ደርሶ መልስ ሂዱ። እኛ የቀየርንላቸው ሁለት ደንበኞች ጀሪካናቸው ውስጥ ተርፏቸው ነው የተመለሱት፤ ምክንያቱም ቀድሞ ነዳጁን እስከ ጥግ ከፍተው የሚያገኙትን ጉዞ አሁን ግማሽ ከፍተው ያገኙታል። እርግጥ ፒቹን ያለ ልክ መቀነስም ኃጢአት ነው። 5500ን አልፎ የሚጮኽ ሞተር ቢዬላውን ይሰብራል። ስለዚህ «ትንሽ ግዙ» አንልም፤ ቆጥራችሁ ግዙ ነው የምንለው።

ሦስተኛው መልስ ይከብዳል፤ «ሞተሩ እውነትም አርጅቷል፤ ኮምፕሬሽኑ ወርዷል» የሚለው ነው። እዚህ ላይ አንከራከርም። የሲሊንደሮቹ ኮምፕሬሽን ተለክቶ አንዱ ከሌላው ርቆ ከወረደ ፕሮፔለር አያድነውም፤ ተከፍቶ ቀለበት ይቀየርለት። ነገር ግን «አርጅቷል» ከሚሉት ውስጥ ስንቱ ነው ኮምፕሬሽን የለካው? ደግሞስ ቢያረጅ! የዛለ በሬ ሸክም ይቀነስለታል እንጂ ይጨመርበታል? አዲስ ሳለ 11 ፒች ይሸከም የነበረ ሞተር ሲያረጅ 10 ወይም 9 ቢሰጡት ብዙ ዓመት ይሠራል። እርጅናው ራሱ ፕሮፔለር ለመቀየር ምክንያት ነው እንጂ ሞተር ለመጣል አይደለም። ያማሃ የመጀመሪያውን የጀልባ ሞተር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ባለ ሁለት ምቶች ቀላልና ለጥገና የሚመቹ በመሆናቸው እንደኛ ባለ አገር ዛሬም ይሠራሉ። ፈት ሆኖ በግቢ የሚቀመጠው አብዛኛው የሞተ ሞተር ሳይሆን የተበደለ ሞተር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ሞተሩ ዙሩን ሞልቶ፣ እንዲያውም አልፎ እየጮኸ ጀልባው ካልሄደስ? ያ ሌላ በሽታ ነው። ፕሮፔለሩ ወገብ ውስጥ ክንፎቹ ጉቶ ሲመቱ ማርሹ እንዳይሰበር የሚያደርግ ጎማ አለ። ያ ጎማ ከተላቀቀ ዘንጉ ይዞራል፣ ክንፉ ይቀራል። በቀለም ከወገቡ መካከል እስከ ክንፎቹ መነሻ አንዲት ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፤ ሠርታችሁ ስትመለሱ መስመሩ ከተሰበረ ጎማው ነው። በጣም ትንንሾቹ አሮጌ ሞተሮች በጎማው ፈንታ የምትቆረጥ ፒን አላቸው፤ ትርፍ ፒን ሳይይዙ ውኃ መግባት አይገባም። ሞተሩ ከጀልባው ጀርባ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ከተሰቀለም ፕሮፔለሩ አየር ይስብና ይጮኻል። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል ገደማ መሆን አለባት። አጭር እግርና ረጅም እግር ሞተር የሚባለው ለዚህ ነው፤ አንዱ ለ15 ኢንች ጀርባ፣ ሌላው ለ20። አጭር እግር ገዝቶ በረጅም ጀርባ ላይ ሰቅሎ «ጉልበት የለውም» የሚልም አጋጥሞናል።

የውኃችንም ጠባይ የራሱ ነው። በክረምት ከሰቲትና ከአትባራ የሚወርደው ውኃ የኛው የሰሜኑ አፈር ነው። ኸሽም አልጊርባ ግድብ በ1964 እ.ኤ.አ. ከተሠራ ጀምሮ ያ ደለል ሆዱን ሲሞላው ኖሯል። አፈራችን ያለ ፓስፖርት ቀድሞን ተሻግሯል! በ2017 እ.ኤ.አ. የተመረቁት ሩሜላና ቡርዳናም ከዚያው ወንዝ ነው የሚጠጡት። ያ አሸዋማ ውኃ የአሉሚኒየም ክንፍን ጠርዝ እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ የሞተሩን የውኃ ፓምፕ ጎማም ይጨርሳል። ጠርዙ የተበላ 10 ፒች ፕሮፔለር እንደ 10 አይሠራም። ክንፉ በጉቶ ተመትቶ የተጣመመ ከሆነ ደግሞ ይንቀጠቀጣል፤ ንቅጥቃጤው ኩሽኔታውን ይበላል፣ ፓራኦሊዮውን ያላላል፣ ውኃ ወደ ማርሹ ዘይት ይገባል። የማርሹ ዘይት ሲወርድ ወተት ከመሰለ ነገሩ የተጀመረው ከፕሮፔለሩ ሊሆን ይችላል።

ስለ መፍጫው ዝም ብለን አናልፍም። ፒች የመቀየር ፈንታ የክንፎቹን ጫፍ በመፍጫ የሚቆርጡ አሉ። ሸክም ይቀንሳል? አዎ ይቀንሳል። ሦስቱን ክንፍ በአንድ ልክ ካልቆረጡት ግን ሚዛኑ ይጠፋል፤ በዓይን ግምት እኩል የቆረጠ ሰው እስከ ዛሬ አላየንም። ሌላ መላ ሲጠፋ፣ በሚዛን ተመዝኖ ቢሆን እንታገሥ ነበር። ገዳሪፍ ላይ ትክክለኛው ፕሮፔለር በመደርደሪያ ተቀምጦ ሳለ መፍጫ ማንሣት ግን ስንፍና ነው።

ለጣና ወገኖቻችን የተለየ ቃል አለን። በጉምሩክ በኩል በመተማ አሳልፈን ለጎርጎራ የላክነው አንድ 40 ነበር። ከመሸጣችን በፊት እዚሁ ግድብ ላይ ሞክረነዋል፤ ዙሩን ሞልቶ ነበር። ጎርጎራ ሲደርስ ደንበኛችን ደወለ፤ «እትዬ፣ ይህ ሞተር በመንገድ ደከመው ልበል?» አለ። ቀልዱ አሳቀን፤ ስናስበው ግን እውነቱን ነው። ገዳሪፍ ከባሕር ወለል 600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣና 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ፣ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ሞተር ከጉልበቱ ወደ 3 በመቶ ያጣል። ከኛ ዘንድ እስከ ጎርጎራ ድረስ 12 በመቶ ያህል መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው፤ ከ40ው አምስት ፈረስ ገደማ። ሞተሩን የሰረቀው የለም፤ አየሩ ነው። ለዚያ ሰው ፒቹን ዝቅ አድርገን ላክንለት፤ ካርቡራቶሩም አየሩ ሲሳሳ ነዳጅ ስለሚበዛበት የነዳጅ ቀዳዳዋን በትንሽ ቁጥር እንዲያስቀይር ነገርነው። ቆላ የተሞከረ ሞተር ደጋ ሲወጣ ፕሮፔለሩ እንደገና ይታሰብ። «ሱዳን ውስጥ ጥሩ ይሠራ ነበር» የሚለውን ቃላችንን ለጣና ደንበኛ እንደ ዋስትና መስጠት አቁመናል፤ እናንተም አቁሙ።

ወደ ራሳችን ወደ ነጋዴዎቹ እንመለስ፤ ዋናው ጠባችን ከዚህ ጋር ነውና። መለዋወጫ የምንነግድ ሰዎች «ደንበኛው የጠየቀኝን ሸጥኩለት» ማለት እንወዳለን። ደንበኛው የጠየቀው ፕሮፔለር ነው፤ የሚገጥመውን መለየት የኛ ሥራ ነው። መደርደሪያችን ላይ 13 የበዛው 13 ለግድቡ ጀልባ ስለሚሆን አይደለም፤ ከፖርት ሱዳን የሚመጣው እሱ ስለሆነ ነው። ያለንን ለመሸጥ ስንል የማይሆነውን «ኃይለኛ ነው» እንላለን። በትምህርት ቤት የደንበኛ እምነት በሒሳብ መዝገብ የማይታይ ሀብት ነው ብለው አስተምረውናል። እኛ ያንን ሀብት በአንድ ሌሊት ስናጣው አይተነዋል፤ ያ አስጋሪ እስከ ዛሬ በሱቃችን ፊት ሲያልፍ ሰላም ይለናል እንጂ አይገባም። ሌላው ሸፍጥ ደግሞ ሞተሩን ከነጥሩ ፕሮፔለሩ ገዝቶ፣ ፕሮፔለሩን ነቅሎ ለብቻው ሸጦ፣ ለሞተሩ እጁ ላይ ያገኘውን ገጥሞ መሸጥ ነው። ይህን የሚያደርጉ አሉ፤ ስም አንጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

አዲስ ሞተር ለማስገዛት ሲባል አሮጌውን የሚያጣጥሉም አሉ። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ በገዳሪፍ የተፈናቀለው፣ ስደተኛውና ባለ አገሩ በአንድ ላይ በሚተራመስበት ኑሮ፣ አንድ አስጋሪ አዲስ 40 ለመግዛት ያለውን ፍየልና በግ ሁሉ ይሸጣል። ፕሮፔለር ግን የአንድ የጥሩ ሳምንት ዓሣ ሊገዛው ይችላል። በዚህ ልዩነት መካከል ቆመን «አርጅቷል፣ አዲስ ግዛ» የምንል ከሆነ ከደላላ በምን ተሻልን?

በዚህ አጋጣሚ አማርኛና ዐረብኛ ሲምታታ የደረሰብንንም እንንገራችሁ። አንዱ ጎንደሬ ደንበኛችን በስልክ ከሱዳናዊ ሻጭ ጋር ሲነጋገር ሻጩ «ለመርከብ ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። የኛው ሰው መርከብ ሲባል የምጽዋ መርከብ ታየው፤ «ኧረ ለትንሽ ጀልባ ነው!» ይላል። ሻጩ «ትንሽ ጀልባ» ብሎ ለቀላል ጀልባ የሚሆን 13 ላከለት። በዐረብኛው መርከብ ማለት ያው ጀልባ ነው። ስለዚህ ቃል ሳይሆን ቁጥር ተነጋገሩ፤ ቁጥር በሁለቱም አገር አንድ ነው።

ወደ ሱቃችን ስትመጡ ወይም ስትደውሉ የምንጠይቃችሁ ይኸው ነው። የሞተሩን ስምና ፈረስ ጉልበት ከሽፋኑ ላይ ሳይሆን ከቅንፉ ላይ ከተለጠፈችው ትንሽ ሳህን አንብቡ፤ ሽፋን ይቀያየራል፤ 25 ላይ የ40 ሽፋን የለበሰ አይተናል። አሁን ያለውን ፕሮፔለር ሁለቱን ቁጥርና በመጨረሻ ያለችውን ፊደል በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ፊደሏ የየትኛው ማርሽ ቤት ዘመድ እንደሆነ ትነግረናለች፤ በቁጥር አንድ ሆነው በፊደል የሚለያዩ ፕሮፔለሮች ዘንጉ ላይ አይገቡም። የጀልባችሁን ርዝመትና የተሠራበትን፣ በሥራ ቀን ስንት ሰውና ስንት ኪሎ እንደምትጭኑ ንገሩን፤ የምትጭኑትን እንጂ እንድትጭኑ የተፈቀደላችሁን አይደለም። ውኃው ግድብ ነው፣ ወንዝ ነው ወይስ ጣና? ዙር መቁጠሪያ ከሌላችሁ የኛን በመያዣ እናውሳችኋለን፤ በሥራ ጭነት፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ነዳጁን እስከ ጥግ ከፍታችሁ አንድ ደቂቃ ብቻ አንብቡት። የሕይወት መከላከያ ሰደርያ ለሁሉም ሰው ኖሮ፣ ሁለት መቅዘፊያም ይዛችሁ ይሁን።

ከኛ በኩል ደግሞ ከዚህ ወር ጀምሮ የምንሸጠው ሞተር ሁሉ ደረሰኙ ላይ የፕሮፔለሩ ስፋትና ፒች፣ የተሞከረበት ቦታና ያገኘነው ዙር ይጻፍበታል። የወሰዳችሁት ፕሮፔለር ዙሩን ካልሞላ ወይም ካለፈ፣ ክንፉ ካልተመታ፣ በአሥር ቀን ውስጥ በሌላ ቁጥር እንቀይራለን። ሌሎች ነጋዴዎችም ይህን ይጻፉ ብለን እንጠይቃለን፤ የማይጽፍ ካለ ደንበኛው ለምን እንደማይጽፍ ይጠይቀው።

በካሮ የመጣው ሞተር ገና ደጃችን ላይ ነው። በብረት ኪሎ አልገዛነውም። ኡስጣው ሐሙስ መጥቶ ኮምፕሬሽኑን ይለካዋል፤ ፒስተኑ ካልተጫረ 9 ፒቹን ገጥመን፣ ሰውዬው ራሱ ባለበት፣ ግድቡ ላይ እንሞክረዋለን። ያገኘነውን ዙር እዚሁ እንጽፍላችኋለን፤ ከተሳሳትንም እንጽፋለን።